የቂጥኝ የደም ምርመራዎችና ልዩነታቸው

በወረርሽኝ ወቅት እንኳ ሊቋረጡ ከማይገባቸው የጤና አገልግሎቶች አንዱ የእርግዝና ክትትል ነው። በክትትሉ ከሚደረጉት ምርመራዎች መካከል የቂጥኝ ምርመራ ይገኝበታል። ቂጥኝ ትሬፖኔማ ፓሊደም በተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ፅንስ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የመጀመሪያው ቁስል ስለማያም ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይጠፋል፤ በሽታው ግን በሰውነት ውስጥ ይቀራል። ነፍሰ ጡር እናት ካልታከመች ፅንሱ ሊጨናገፍ፣ ሞቶ ሊወለድ ወይም በሽታውን ይዞ ሊወለድ ይችላል።

ሀ. ፈጣን ምርመራ
ይህ ምርመራ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ይፈልጋል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ተሠርቶ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል። የላብራቶሪ መሣሪያ ስለማያስፈልገው ለጤና ጣቢያ ይመቻል። ኤች አይ ቪንና ቂጥኝን በአንድነት የሚመረምርም አለ። ጉድለቱ፣ አብዛኛው ሰው ታክሞ ከዳነ በኋላም ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆኖ መቆየቱ ነው።

ለ. ቪዲአርኤልና አርፒአር
እነዚህ በላብራቶሪ የሚሠሩ ሲሆን ባክቴሪያውን በቀጥታ አይለዩም፤ በበሽታው ምክንያት የሚፈጠረውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ይለካሉ። መጠኑ ከሕክምና በኋላ ስለሚቀንስ፣ ለምሳሌ ከ1፡32 ወደ 1፡8 ሲወርድ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያሉ። ሆኖም እርግዝና፣ ወባ፣ የሥጋ ደዌ ወይም በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ቂጥኝ ሳይኖር ፖዘቲቭ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ሐ. የውጤት አነባበብ
ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑና ግለሰቡ ቀደም ሲል ካልታከመ፣ ሕክምና ያስፈልገዋል። ፈጣኑ ብቻ ፖዘቲቭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የዳነ የቀድሞ በሽታን ያመለክታል፤ ሆኖም ገና የጀመረ ወይም የቆየ በሽታም ሊሆን ስለሚችል የቀድሞ ሕክምና ይጠየቃል። ሁለተኛው ብቻ ፖዘቲቭ ከሆነ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። በቅርቡ ለበሽታው የተጋለጠ ሰው ኔጌቲቭ ቢሆንም ከሳምንታት በኋላ በድጋሚ መመርመር አለበት።

ነፍሰ ጡር እናት ግን የሁለተኛውን ውጤት መጠበቅ አይገባትም። ከታች ጋይንት ወይም ከስማዳ የገጠር ቀበሌ ረጅም መንገድ ተጉዛ ንፋስ መውጫ የደረሰች እናት “ውጤቱን በሌላ ቀን ተመልሰሽ ውሰጂ” ከተባለች ላትመለስ ትችላለች። ስለዚህ በፈጣኑ ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነች በዚያው ዕለት የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ ተጨማሪው ምርመራ ለክትትል ያገለግላል። ባለቤቷም ሊመረመርና ሊታከም ይገባል።

ቂጥኝ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ፖዘቲቭ ውጤት በሽታው መቼና ከማን እንደተያዘ አይናገርም። በመሆኑም ባልና ሚስትን ለሕክምና የሚያቀራርብ እንጂ ለጠብ ምክንያት ሊሆን አይገባም።