እርሾ ንጽሕናን አይተካም
ስለ ቤት ጠመቃና ስለ እርሾ አመራረጥ የቀረበ ትምህርት



በደሴና በኮምቦልቻ፣ በዙሪያቸውም ባሉት ገጠሮች፣ ክርስቲያኑ ለበዓልና ለማኅበር ጠላ ይጠምቃል፤ ሙስሊሙም ለበዓሉና ለሠርጉ ቀሪቦ ያዘጋጃል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጠራራም ለእያንዳንዱ እንግዳ የሚስማማውን መጠጥ ለይቶ ማቅረብ የወሎ ቤት ወግ ነው። ስለ እህሉ ምርጫ፣ ስለ ጌሾው ልክ፣ ስለ ጋኑ አስተጣጠብ ጠንቅቀው የሚያውቁ እናቶችም በየቤቱ አሉ። ነገር ግን ጠላውን የሚያፈላው፣ ቀሪቦውንም አረፋ የሚያለብሰው ዋናው ሠራተኛ በዐይን የማይታይ ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ ሠራተኛ እርሾ ይባላል።

በዚህ ወር ትምህርታችን እርሾ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚያዝ እንገልጻለን። ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እርሾን ሳያውቁ መጠቀም፣ አልኮል የለበትም ተብሎ ለሕፃን የሚሰጠውን መጠጥ አልኮል ያለበት ያደርገዋል፤ በእርሾም ተማምኖ ንጽሕናን ችላ ማለት የበዓል ማግስትን የተቅማጥ ቀን ያደርገዋል።

1ኛ፤ እርሾ ምንድን ነው?

እርሾ ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጥረት ነው። መላ አካሉ አንድ ሕዋስ ብቻ ሲሆን፣ ስፋቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ አይበልጥም። ምግቡ ስኳር ነው። ስኳሩን ሲመገብ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይሰጣል። 100 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ በግምት 51 ግራም አልኮልና 49 ግራም ጋዝ ይወጣዋል። ጋኑ ሲፈላ የምናየው አረፋ ይህ ጋዝ ነው።

የገብስ ዱቄት ግን አብዛኛው ስኳር ሳይሆን ስታርች ነው፤ የጠመቃ እርሾም ስታርችን እንዳለ ሊመገብ አይችልም። ብቅል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ገብሱ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። እንግዲህ ብቅል ምግብ አዘጋጅ፣ እርሾም ተመጋቢ ነው ማለት ይቻላል።

በፈረንሳይ አገር ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው ምርምር መፍላት የሕያዋን ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን አስረዳ፤ በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍም የቢራ መበላሸት ባዕድ ተሕዋስያን ሲገቡበት የሚደርስ መሆኑን ገለጸ። በ1883 ደግሞ በዴንማርክ አገር፣ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንድ ሕዋስ ብቻ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለይቶ አወጣ። የቢራ ፋብሪካዎች እርሾአቸውን ለይተው ከባዕድ ተሕዋስያን እየጠበቁ መሥራት የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። የቤት ጠማቂ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለውም፤ የፋብሪካው ምስጢር ግን ንጽሕና ስለ ሆነ፣ እርሱን በቤት መፈጸም ይቻላል።

2ኛ፤ በእርሾ ስም የሚጠሩትን መለየት

በአገራችን እርሾ የሚለው ቃል ለብዙ ነገር ያገለግላል። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ስሕተት ስለሚያመጣ ለይተን እንያቸው።

ሀ/ የእንጀራ እርሾ፤ ይህ ከቡኮው ላይ የሚቀዳው ቢጫ ውኃ ነው። በውስጡ ልዩ ልዩ እርሾዎችና አኮምጣጭ ባክቴሪያዎች ተቀላቅለው ይኖራሉ። ለእንጀራ መልካም ነው፤ ወደ ጠላ ቢገባ ግን ጠላውን ያኮመጥጠዋል።

ለ/ የጠላ እርሾ፤ ይህን ከገበያ የሚገዛው የለም። ከጌሾው ቅጠልና እንጨት፣ ከብቅሉና ከጋኑ ግድግዳ ጋር አብሮ ወደ ጥንስሱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ ሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በጠላ ውስጥ ዋነኞቹ ሠራተኞች ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የተባለው እርሾና የማኮምጠጥ ጠባይ ያላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ጠላ ጠማቂ እርሾውን የሚመርጠው በሱቅ ሳይሆን በጌሾው ጥራት፣ በብቅሉ ጤንነትና በጋኑ ንጽሕና ነው።

ሐ/ የዳቦ እርሾ፤ ይህ በሱቅ በደረቁ ታሽጎ የሚሸጠው ነው። ወገኑ ያው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ቢሆንም፣ የተመረጠው ሊጡን ፈጥኖ እንዲያነሣ ነው። ብዙዎች ቀሪቦ የሚሠሩት በዚህ ነው። ለመጠጥ ሲውል ቶሎ ይፈላል፤ ነገር ግን በደንብ ስለማይዘቅጥ መጠጡ ደፍረስ ይላል፤ ሲበዛም የእርሾ ሽታ ይተዋል።

መ/ የቢራ እርሾ፤ በውጭ አገር ለቤት ጠማቂዎች የተወፈረ የብቅል ጭማቂ በጣሳ፣ ከእርሱም ጋር ደረቅ እርሾ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ ይሸጣል። ይህ እርሾ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይሠራል፤ ሁለተኛው ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ከባሕር ማዶ ዘመድ እንዲህ ያለ ዕቃ የላከለት ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክ ይመልከት። ቅዝቃዜ የሚወደውን ዓይነት ያለ ማቀዝቀዣ በኮምቦልቻ ሙቀት መጠቀም ሥራን ማበላሸት ነው።

3ኛ፤ ስለ አየሩ ጠባይ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከ25 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ይህ ልዩነት ለመንገደኛው የልብስ ጉዳይ ሲሆን፣ ለእርሾው የሥራው ፍጥነት ጉዳይ ነው። ሙቀት ሲጨምር እርሾ ይፈጥናል፤ ብርድ ሲጠና ይዘገያል። ስለዚህ በደሴ ያለች ጠማቂ ከኮምቦልቻ እኅቷ የሰማችውን የቀን ቁጥር እንዳለ ብትወስድ ገና ያልበሰለ ጠላ ትቀዳለች፤ የኮምቦልቻዋም በደሴው ቁጥር ብትሄድ የኮመጠጠ ታገኛለች። ቀን ከመቁጠር ይልቅ የአረፋውን መነሣትና መርገብ፣ ሽታውንና ጣዕሙን መከታተል ይሻላል።

በደሴ ክረምት ጋኑን ከቀዝቃዛው መሬት ከፍ አድርጎ በጨርቅ መጠቅለል ይጠቅማል። ለማሞቅ ሲባል ከምድጃ አጠገብ ማስጠጋት ግን አይገባም፤ የጋኑ አንድ ወገን ብቻ ከልክ በላይ ሲሞቅ መጥፎ ጣዕም ያመጣልና። በኮምቦልቻ ደግሞ ጥላ ባለበትና አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ማኖር፣ ቀኑ ሲከብድም ጋኑን በእርጥብ ጆንያ መሸፈን መልካም ነው።

4ኛ፤ የተገዛ እርሾ አያያዝ

1/ ሲገዙ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ይመልከቱ። ጊዜው ያለፈበትን፣ እርጥበት የነካውን ወይም የተቀደደውን አይግዙ።

2/ ከተከፈተ በኋላ አፉን አጥፈው፣ በሚከደን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርገው በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ያኑሩት፤ ማቀዝቀዣ ካለ በዚያ ያስቀምጡት።

3/ ሕይወት እንዳለው ለመፈተን፣ ተፈልቶ በቀዘቀዘና ለብ ባለ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት እርሾ ይጨምሩ። የውኃው ሙቀት ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ አረፋ ካላነሣ እርሾው ሞቷልና ይጣል።

4/ በትኩስ ፈሳሽ ላይ አይጨምሩት። 60 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት እርሾን ይገድላል። የፈላው ፈሳሽ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ ዕቃው በእጅ ሲዳሰስ ሙቀት የማይሰማ ሲሆን ይጨመር።

5/ ፈሳሹ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን እርሾውን ለመጨመር አይዘግዩ። ጣፋጭ ፈሳሽ ለማንኛውም ተሕዋስ ምግብ ነው፤ አስቀድሞ የገባውና የበረታው ስፍራውን ይይዛል። ያለ እርሾ ያደረ ጣፋጭ ፈሳሽ ለባዕድ ተሕዋስያን የተከፈተ በር ነው።

6/ በልክ ይጠቀሙ። ለ20 ሊትር ያህል ቢራ ከ5 እስከ 11 ግራም ደረቅ እርሾ ይበቃል። እርሾ ሲበዛ መጠጡ የተሻለ አይሆንም፤ ሽታው ይበዛል እንጂ።

5ኛ፤ ቀሪቦና ልጆች

ይህን ክፍል አንባብያን በተለየ ጥንቃቄ እንዲያነቡልን እንለምናለን። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ፣ ከውኃ፣ ከስኳርና ከእርሾ ተዘጋጅቶ በማግስቱ የሚጠጣ ነው። አልኮል የማይጠጡ ሰዎችና ልጆች የሚጠጡት በመሆኑ፣ ብዙዎች አልኮል ፈጽሞ እንደሌለበት ያምናሉ። ነገር ግን ስኳርና እርሾ በአንድ ዕቃ ውስጥ በተገናኙበት ሁሉ አልኮል መፈጠሩ አይቀርም። አንድ ሌሊት ብቻ ቢያድር መጠኑ ጥቂት ነው። ሁለትና ሦስት ቀን በሙቀት ቢቆይ ግን ይጨምራል።

በቁጥር እንየው። በአንድ ሊትር ቀሪቦ 50 ግራም ስኳር ቢጨመርና እርሾው ሁሉንም ቢመገበው፣ 25 ግራም ያህል አልኮል ይገኝበታል። ይህም ከመቶ 3 እጅ ያህል ነው። ተራ ጠላ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ አልኮል ስለሚኖርበት፣ ያ ቀሪቦ በስም ቀሪቦ ቢባልም በአልኮሉ ልክ ጠላ ሆኗል ማለት ነው።

ስለዚህ አልኮልን በሃይማኖት ምክንያት ለሚተው፣ ለነፍሰ ጡር ወይም ለልጅ የሚቀርበው መጠጥ እርሾ ሳይገባበት ቢዘጋጅ፣ ስኳሩም በሚቀርብበት ሰዓት ቢጨመርና በዚያው ቀን ቢያልቅ ይመረጣል። እርሾ ሳይገባበትም ቢሆን በሙቀት የቆየ ጣፋጭ መጠጥ በራሱ መፍላቱ ስለማይቀር ተርፎ ያደረውን ለልጅ አይስጡ። እርሾ የገባበት ከሆነም ለእንግዳው አስቀድሞ መንገር የአስተናጋጁ ግዴታ ነው። እንግዳን ማክበር የሚጠጣውን ነገር ሳይደብቁ መግለጽን ይጨምራልና።

6ኛ፤ እርሾ የማይሠራው ሥራ

አንዳንድ ሰዎች፣ «ጠላው ከፈላ ቆሻሻውን ያጠፋዋል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጌሾው፣ አልኮሉና ኮምጣጣነቱ አያሌ ተሕዋስያንን ያዳክማሉ። ነገር ግን ሁሉን አያጠፉም፤ መፍላቱ ካበቃ በኋላ የሚጨመረውን ውኃም አያነጹም። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ድፍድፉ በጥንቃቄ ከተዘጋጀ በኋላ ያልተፈላ ውኃ ይጨመርበታል፤ ቅራሪውም ከጠላው ይልቅ ስለሚቀጥን መከላከያው ይደክማል። ስለዚህ፦

• ለድፍድፉም ሆነ ለቅራሪው የሚጨመረው ውኃ ሁሉ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በከፍተኛ ስፍራ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ በደሴ 92፣ በኮምቦልቻ 94 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይቆይ።

• ጋኑና እንስራው በግራዋ ቅጠልና በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ በወይራ ወይም በጥንጁት ጭስ ይታጠን። ጭሱ የመታጠብ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። የተሰነጠቀ ዕቃ በስንጥቁ ውስጥ የቆየ ዝቃጭ ስለሚይዝ ይለወጥ።

• ብቅሉ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በታጠበ ቅጠል ተሸፍኖ ይብቀል፤ ፈጥኖም ይድረቅ። የሻገተው ብቅል ይጣል እንጂ ታጥቦ ወይም ተቆልቶ አይፈጭ፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ በእሳትም በመፍላትም አይጠፋምና።

• ጠማቂዋ ወይም ጠማቂው ከመጀመር በፊት እጅን በሳሙና ይታጠቡ። ተቅማጥ የያዘው ሰው መጠጥ አያዘጋጅ፣ አይቅዳም።

• መቅጃውና መጠጫው በየጊዜው ይታጠብ። አንድ ጣሳ ሳይታጠብ ከአፍ ወደ አፍ አይዙር።

7ኛ፤ ዕቃ ስለ መክደን

እርሾ እየሠራ ሳለ ጋዝ ስለሚሰጥ፣ በመፍላት ላይ ያለን መጠጥ በጠርሙስ ወይም በጀሪካን አጥብቆ መዝጋት አደጋ ነው። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ይሰብራል፤ ስባሪውም ዐይንን ሊያጠፋ ይችላል። በተለይ በመኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ቆላ የሚወሰድ መጠጥ፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር መፍላቱም ስለሚጨምር፣ ክዳኑ ጋዝ እንዲያስወጣ ላላ ተደርጎ፣ ዕቃውም እስከ አፉ ሳይሞላ ይያዝ። ጋዙ ከአየር የሚከብድ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጋን የሚፈላበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት፤ በዚያም ክፍል መሬት ላይ ሕፃን አይተኛ።

መደምደሚያ

እንግዲህ ትምህርቱን ስናጠቃልል፣ እርሾ ታማኝ ሠራተኛ ነው፤ የሚሠራው ግን በተሰጠው ነገር ብቻ ነው። ስኳር ከሰጡት አልኮል ይሰጣል፤ ለማን እንደሚቀርብ አይጠይቅም። ንጹሕ ውኃና ንጹሕ ዕቃ ከሰጡት መልካም መጠጥ ይሆናል፤ ቆሻሻ ከሰጡት ቆሻሻውን አያነጻም። ለሚዘጋጀው መጠጥና ለሚኖሩበት አየር የሚስማማውን እርሾ መምረጥ የዕውቀት ሥራ ነው፤ ንጽሕናው ግን ከባለቤቱ እጅ ብቻ ይጠበቃል።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1/ የእንጀራ እርሾ ለጠላ የማይስማማው ለምንድን ነው?
2/ በቤታችሁ ቀሪቦ ሲዘጋጅ እርሾው ከገባበት እስከሚጠጣበት ስንት ሰዓት ይቆያል? ከልጆቹስ የሚጠጣው ማን ነው?
3/ ለድፍድፉና ለቅራሪው የሚጨመረው ውኃ ይፈላልን? በደሴ ውኃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለምን 3 ደቂቃ ይቆያል?
4/ በመፍላት ላይ ያለ መጠጥ በጀሪካን ሲወሰድ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ይህን ያነበበ ሰው ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቹ ቢያነብላቸው፣ የትምህርቱን ዓላማ ፈጸመልን ማለት ነው።