አልጋ ፍለጋ በሞምባሳ፦ በውድ ከተማ እንደ አቅም ማደር

መንገደኛ «አልጋ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው እንጨቱን ወይም ብረቱን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚጠይቀው ስለ ማደሪያ ነው። ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችና የክፍሉ መምህራን ይህችን አጭር ጥያቄ ከናይሮቢ ሆነን በሞምባሳ ላሉ ማረፊያ ቤቶች በስልክ ደጋግመን አቀረብን። ጥያቄዋ አጭር ብትሆንም መልሷን ስንፈልግ ሒሳብም፣ ጂኦግራፊም፣ ቋንቋም ተማርን። ከእኛ በኋላ ለሚመጡ ክፍሎችና ጉዞ ለሚያዘጋጁ ወላጆች ይጠቅማል ብለን ስላሰብን የተማርነውን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ጥያቄው ከየት መጣ?

ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው 8ኛ ክፍልም ሞምባሳ ሄዶ ነበር። ያረፈው መዋኛ ባለው የባሕር ዳር ሆቴል ነው። ጉዞው ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ስድስት ተማሪዎች ገንዘቡ ስላልሞላላቸው ቀሩ። በማግስቱ ቅዳሜ ክፍሉ ስለ ባቡሩና ስለ ባሕሩ ሲያወራ ስድስቱ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው እንደዋሉ የሚያስታውሱ መምህራን አሉ።

ከስድስቱ የአንዷ ታናሽ እኅት ዘንድሮ ከእኛ ጋር ትማራለች። የጉዞ ነገር ሲነሣ ቀድማ የተናገረችው እርሷ ናት፤ «ሁሉም የሚሄድ ከሆነ እሄዳለሁ፤ ካልሆነ ግን እኔም እቀራለሁ» አለች። ክፍሉም በዚህ ተስማማ። ከዚያ ቁጭ ብለን ወጪውን በሰሌዳ ላይ ዘረዘርን። የባቡሩ ዋጋ የተቆረጠ ነው፤ ተከራክረን አንቀንሰውም። የሙዚየም መግቢያም እንዲሁ ነው። ምግብ ከተወሰነ በታች አይወርድም። በእኛ ብልሃት ሊቀንስ የሚችለው አንድ ትልቅ ወጪ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ማደሪያ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «ርካሹ ሆቴል የቱ ነው?» መሆኑ ቀረና «22 ተማሪዎችና 4 አዋቂዎች አንድም ሰው ሳይቀር የሚያድሩበት ደኅና ቤት የቱ ነው?» የሚል ሆነ።

1. ከተማዋን በካርታ ማንበብ

ሞምባሳ ደሴት ናት። አሮጌው ከተማና ፖርቹጋሎች ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፎርት ጂሰስ ምሽግ ያሉት በደሴቲቱ ላይ ነው። በሰሜን በኩል የኒያሊን ድልድይ ሲሻገሩ ኒያሊ፣ ባምቡሪና ሻንዙ ይገኛሉ። በደቡብ በኩል ደግሞ በሊኮኒ ጀልባ ተሻግሮ ወደ ዲያኒ ይኬዳል። ታላላቆቹ የባሕር ዳር ሆቴሎች የተደረደሩት በእነዚህ በሰሜንና በደቡብ ዳርቻዎች ነው።

ካርታውን ስናይ ሁለት ነገር ገባን። አንደኛ፣ ውድ የሚያደርገው አልጋው ብቻ አይደለም፤ ከመስኮቱ የሚታየው ባሕርም ይከፈልበታል። እኛ ደግሞ ባሕሩን በመስኮት ለማየት አልነበረም የምንሄደው። ባምቡሪ ውስጥ በጆሞ ኬንያታ ስም የሚጠራ የሕዝብ ባሕር ዳርቻ አለ፤ ማንም ሰው የሆቴል እንግዳ ሳይሆን ይገባበታል። ሁለተኛ፣ ልናያቸው ከፈለግናቸው ቦታዎች አብዛኞቹ በደሴቲቱ ላይ ናቸው። ስለዚህ በከተማው ውስጥ አድሮ ለአንድ ቀን ወደ ባሕር መውረድ፣ ባሕር ዳር አድሮ በየቀኑ ወደ ከተማ ከመመላለስ ይሻላል።

ባቡሩ የሚያወርደው ሚሪቲኒ ላይ፣ ከደሴቲቱ ውጭ መሆኑንም ልብ በሉ። «ለባቡር ጣቢያው ቅርብ ነን» የሚል ማረፊያ ለከተማው ሩቅ ሊሆን ይችላል።

2. ጊዜን መምረጥ

አንድ ክፍል ዓመቱን ሙሉ አንድ ዋጋ የለውም። ትምህርት ቤቶች በሚዘጉባቸው በሚያዝያ፣ በነሐሴና በታኅሣሥ፣ በተለይም በፈረንጆች ገና ሰሞን፣ የናይሮቢ ሰው ወደ ሞምባሳ ይወርዳል፤ ዋጋም ይወጣል። ረጅሙ ዝናብ በሚጥልበት በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ጎብኚ ይቀንሳል። እኛ የመረጥነው የሰኔን አጭር የትምህርት እረፍት ነው። ዝናቡ ጨርሶ ባይተውም ቤቶቹ ገና አልሞሉም ነበር። በሳምንቱ መካከል ማደር ከዓርብና ከቅዳሜ እንደሚረክስም ስንጠይቅ ተረዳን፤ ስለዚህ ማክሰኞ ሄደን ዓርብ ለመመለስ ወሰንን።

3. ቃሉን መረዳት

በመጀመሪያው ቀን ጥሪ አንድ ተማሪ «ሆቴሊ» የሚል ስም ያለው ቤት ደውሎ አልጋ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ሳቅ ነበር፤ ለካ ቤቱ ምግብ ቤት ኖሯል። በስዋሂሊ «ሆቴሊ» ብዙ ጊዜ የሚበላበትን ቤት ነው የሚያመለክተው። ወላጆቻችን ሲሰሙ አልገረማቸውም፤ በአገር ቤትም በየመንገዱ ዳር «ሆቴል» ተብለው አልጋ የሌላቸው ቤቶች ሞልተዋል። ማደሪያ የሚፈልግ ሰው «ሎጂንግ» ወይም «ገስት ሃውስ» የሚለውን ይፈልግ።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። አንዲት የማረፊያ ቤት ሠራተኛ ክፍል የሚለቀቀው «ሳአ ንኔ» ነው ስትለን ስልኩን የያዘው ልጅ ቃሉን እንዳለ ተርጉሞ በእንግሊዝኛ አራት ሰዓት ብሎ ጻፈ፤ ማለትም ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት መሆኑ ነው። አብራን የነበረች እናት አረመችው፦ «የስዋሂሊ አራት ሰዓት የእኛው የጠዋቱ አራት ሰዓት ነው።» እውነቷን ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። ያ ስሕተት ሳይታረም ቢቀር ኖሮ ተጨማሪ ቀን በተከፈለ ነበር።

በተጨማሪም ዋጋ ሲነገራችሁ እነዚህን ለዩ፦ ዋጋው ለክፍል ነው ወይስ ለሰው? አልጋ ብቻ ነው? ከቁርስ ጋር ነው? ወይስ ቁርስና እራት አብሮ አለበት? የነዋሪ ዋጋ ነው ወይስ የውጭ አገር እንግዳ? ይህ የመጨረሻው ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው። በኬንያ ብዙ የባሕር ዳር ሆቴሎች ለነዋሪና ነዋሪ ላልሆነ ሰው የተለያየ ዋጋ አላቸው፤ ፎርት ጂሰስም ለዜጋና ለውጭ አገር ጎብኚ የሚያስከፍለው መግቢያ አንድ አይደለም። ከመካከላችን እዚሁ የተወለደ አለ፤ ባለፈው ዓመት የመጣም አለ፤ የያዝነው ወረቀት የተለያየ ነው። የትኛው ሰነድ የትኛውን ዋጋ እንደሚያስገኝ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። በር ላይ ደርሶ አንዱን ልጅ ከጓደኞቹ ለይቶ ብዙ ማስከፈል ደስ አይልም።

4. ሙሉውን ዋጋ ማስላት

የሚነገረው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ታክስ ያልተጨመረበት 2,000 ሽልንግ ቢነገረን፣ 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና 2 በመቶ የቱሪዝም ቀረጥ ሲታሰብበት 2,360 ይሆናል። ስለዚህ «ሁሉም ተጨምሮ ስንት ነው?» ማለት ያስፈልጋል።

ከዚያ ርቀቱ አለ። ከያዝነው ደብተር ሁለት ቤቶችን እናወዳድር። ዋጋው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን ነው።

ቤት «ሀ» ከደሴቲቱ ውጭ ነው። አልጋ 1,200፣ ቁርስ በውጭ 250፣ ወደ ከተማ መመላለሻ 400፤ ድምር 1,850 ሽልንግ።

ቤት «ለ» ከአሮጌው ከተማ በእግር የሚደረስበት ነው። አልጋ ከቁርስ ጋር 1,600፣ መጓጓዣ 100፤ ድምር 1,700 ሽልንግ።

በአልጋ ዋጋ ብቻ ብናይ «ሀ» በ400 ሽልንግ ይረክሳል። ሁሉም ሲደመር ግን «ለ» በ150 ሽልንግ ይረክሳል። ለ26 ሰው፣ ለሦስት ሌሊት ሲባዛ ልዩነቱ 11,700 ሽልንግ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ስንሠራ ክፍሉ ዝም አለ፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን «ሀ»ን መርጠን ነበር።

5. በጽሑፍ መያዝ

«ለ»ን መረጥንና በስልክ ተስማማን። ደስ ብሎን ለወላጆችም ነገርን። ለጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው ብንደውል ክፍሎቹ ለሌላ ቡድን ተሰጥተዋል ተባልን። ብንናደድም የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም፤ ቀብድ አልከፈልን፣ ደረሰኝ አልተቀበልን፣ መልእክት እንኳ አልተጻጻፍን። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

ያዳነን ሁለተኛ ምርጫ በደብተሩ ላይ መኖሩ ነው። ይህኛው ቤት በሰው 50 ሽልንግ ይበልጣል። በዚህ ጊዜ የክፍሎቹን ብዛት፣ ቀኑን፣ ሙሉ ዋጋውንና ቁርሱን በጽሑፍ ካገኘን በኋላ፣ አንድ ወላጅ በአካል ሄደው ካዩት በኋላ ነው ቀብዱን የላክነው። ለማያውቁት ሰው የስልክ ቁጥር ቤቱን ሳያረጋግጡ ገንዘብ መላክ እንደማይገባ ከዚህ ተማሩ። የጎደለውን 3,900 ሽልንግ እናቶች በአንድ ቅዳሜ ሳምቡሳ ጠብሰው በመሸጥ ሞሉት።

6. የማይቀነሰውን ማወቅ

ከዋጋ ጋር ስንከራከር ልንነካቸው የማይገቡ ነገሮችን ለይተን ነበር። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሞምባሳ ግን ባሕር ዳር ስለሆነች ወባ አለ፤ ስለዚህ በየአልጋው ያልተቀደደ አጎበር መኖር አለበት። በከተማዋ ውኃ ስለሚጠፋ ማጠራቀሚያ ታንከር መኖሩን ጠይቁ። በር በትክክል ይቆለፋል ወይ? የሌሊት ጥበቃ አለ ወይ? የሴቶችና የወንዶች ክፍሎች የተለያዩ ናቸው ወይ? እሳት ቢነሣ መውጫው የት ነው? ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ቤት በነፃም ቢሆን አይፈለግም። መዋኛ፣ ቴሌቪዥንና ለየብቻ ክፍል ግን ሊቀሩ ይችላሉ።

ምን ሆነ?

የእያንዳንዱ ሰው የማደሪያና የመጓጓዣ ወጪ ለሦስት ሌሊት 5,250 ሽልንግ ሆነ። ሁሉም ወላጅ ይህን መክፈል እንደማይችል እናውቅ ነበር። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፖስታ ተሰጠ፤ የቻለ ጨምሮ፣ ያልቻለ ቀንሶ ከተተ። ማን ስንት እንዳስገባ የሚያውቁት ገንዘብ ያዡ መምህር ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም ለማንም አልተናገሩም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውን አባባል ከመጽሐፍ ይልቅ ከዚያ ፖስታ ተማርነው።

ቤቱ ያማረ ነው አንልም። በአንድ ክፍል አራት ሆነን ተኛን፤ የአንዱ ክፍል ማራገቢያ እየጮኸ አስቸገረ፤ መታጠቢያው ዘንድ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ነበር። ነገር ግን ከቤቱ ወጥተን በእግራችን ፎርት ጂሰስ ደረስን፤ ሐሙስ ዕለት በሕዝቡ ባሕር ዳርቻ እስኪበቃን ተጫወትን። በሦስቱም ሌሊት መምህራን ስም ሲጠሩ 22 ተማሪዎች «አቤት» አሉ። በማግስቱ ቅዳሜ ክፍል ስንገባ ሁሉም የሚያወራው ነበረው፤ ደብተሩ ላይ ያቀረቀረም አልነበረም።

ለመልመጃ

ሀ. አንድ ቤት ለባለ አራት አልጋ ክፍል 5,600 ሽልንግ ይጠይቃል፤ ሌላው በሰው 1,500 ሽልንግ ከቁርስ ጋር ይላል። ቁርስ በውጭ 250 ሽልንግ ከሆነ ለአራት ሰው የትኛው ይረክሳል? በስንት?

ለ. በምትኖሩበት ከተማ ከአገር ቤት ለሚመጣ ዘመድ ማደሪያ ፈልጉ። ቢያንስ ሦስት ቤቶችን ጠይቃችሁ ሙሉ ዋጋቸውን አወዳድሩ።

ሐ. ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን «ድሮ መንገድ ስትሄዱ የት ታድሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና የነገሯችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ።