ስንፍና ነው ያልነው ነገር
የሚጥል በሽታን ምልክት በወጣቶች ላይ ስለ ማወቅ

በሆሣዕና አካባቢ የምናውቃት አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ጠዋት ቡና ስታቀርብ እጇ ሳታዝዘው ይፈናጠርና ስኒው ይወድቃል። እናቷ ትቆጣታለች፤ እኛም ስንፍና ነው ብለን አለፍነው። አዳር ጸሎት በተደረገ ማግስት ግን እየተንቀጠቀጠች ምድጃው አጠገብ ወደቀች፤ ክንዷም ተቃጠለ። ምልክቱ ለወራት በፊታችን ነበር፤ አላወቅነውም። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። በትንፋሽ፣ በለሐጭ ወይም በመንካት አይተላለፍም። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በቡታጅራ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለበት አሳይቷል። በዚህ ስሌት 400 ሰዎች ባሉበት ጉባኤ 2 ሕመምተኞች ይኖራሉ ማለት ነው።

ምን እንመልከት?

1. ወድቆ መላ ሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ምላስ መንከስ፣ ሽንት ማምለጥ፣ ከዚያም ግራ መጋባትና ከባድ እንቅልፍ።
2. ጠዋት እንደ ነቁ የእጅ መፈናጠር። ይህ በጉርምስና የሚጀምር አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፍ ማጣት ያባብሰዋል።
3. በክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ መቅረት፣ ሲጠሩት አለመስማት።

ይህ ሁሉ የግድ የሚጥል በሽታ ነው አንልም። ወባ፣ ማጅራት ገትርና የስኳር ማነስም ሰውን ያንቀጠቅጣሉ። ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው።

ሲወድቅ ምን እናድርግ?

ከእሳት አርቁት፤ በጎኑ አስተኙት። በአፉ ምንም አታግቡ፤ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ለሐኪሙ ምን እንንገር?

በማርቆስ ምዕራፍ 9 ጌታችን ልጁን ከመፈወሱ በፊት ሕመሙ ከመቼ እንደ ጀመረ አባትየውን ጠየቀ፤ አባትየውም ያየውን ነገረው። ሐኪምም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ታማሚው ራሱ ስለማያስታውስ ሲወድቅ ያየው ሰው አብሮ ይሂድ። በዚህ ታሪክ ተነሥተን ሕመምተኛውን ሁሉ ጋኔን አለበት ማለት አይገባንም፤ ማቴዎስ 4፥24 ሁለቱን ለይቶ ይጠራቸዋልና።

መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም በሆሣዕና ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ወደ ዱራሜ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። የጠዋቱን መፈናጠር ሳትነግሩ አትመለሱ፤ ለሌላው ዓይነት የሚረዳ አንዳንድ መድኃኒት ይህኛውን ሊያብሰው ይችላል።

መድኃኒቱ በየቀኑ ይወሰዳል። እንጸልይ፤ ነገር ግን ተጸልዮላታል ብለን መድኃኒቱን በድንገት ማስቆም ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ያች ልጅ ዛሬ መድኃኒቷን እየወሰደች ትማራለች። አዳር ጸሎት ሲኖር በጊዜ ገብታ ትተኛለች፤ ማንም አይነቅፋትም። የክንዷ ጠባሳ ግን አልጠፋም።

ለውይይት
ሀ) በጉባኤያችን ስንፍና ወይም ግዴለሽነት እያልን ያለፍነው ምልክት አለ?
ለ) ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም የሚያደርስና ያየውን የሚናገር ማን ይሁን?