ለሩቅ ወይስ ለቅርብ?

በሞላሌ ደጋ ብዙ ዘመን ዳዊት የደገሙ አንድ አባት፣ ቀይና ጥቁሩ ፊደል ጉም እንደ ወረደበት ገደል ሲደበዝዝባቸው፣ ልጆቻቸው ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ወስደው ለማሳከም በሚመክሩበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ዓይናቸው ይበራል ወይ?» የሚለው ነው፤ እኔ ግን «ለየትኛው ሥራ ይበራል?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅም እጅግ ይገባል እላለሁ።

የዓይን ሞራ የሚለው ስም በብሌን ላይ የተጋረደ ስብ ያስመስለዋል እንጂ፣ የሚደፈርሰው ከብሌን በስተኋላ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ በስፍራው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። በ1998 ዓ.ም. በሀገራችን በተደረገው ጥናት ከዕውራን እኩሌታ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ ደዌ ሆኖ ተገኝቷል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸውን አብራሪዎች የመረመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ፣ ያ ፕላስቲክ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደን የመጀመሪያውን ሌንስ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ አሠርቶ በሕመምተኛ ዓይን ውስጥ አኖረ። ዛሬ ከዚህ ፕላስቲክ የሚሠራው የማይታጠፍ ሌንስ 6 ሚሊ ሜትር ያህል መግቢያ ሲፈልግ፣ በኋላ የመጣው የሚታጠፈው ግን 3 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀዳዳ ይገባል፤ ቁስሉም ቶሎ ይጠግጋል። ነገር ግን በነጻ ሕክምና ዘመቻ የማይታጠፈው የገባለት ሰው ሊያዝን አይገባውም፤ ልኩ በትክክል ከተለካና የሐኪሙ እጅ ከሠለጠነ፣ ብርሃኑ ከሌላው ብዙም አያንስም።

ታላቁ ልዩነት በርቀቱ ነው። ባለ አንድ ኃይል ሌንስ ለሩቅ ከተለካ በማዶው ሸንተረር የተሰማራውን በግ ያሳያል፤ ለዳዊቱና ለእንዝርቱ ግን የቅርብ መነጽር ያሻል። ለቅርብ ከተለካም ነገሩ ይገለበጣል። ሩቁንም ቅርቡንም ለማሳየት የተሠራው ባለ ብዙ ኃይል ሌንስ መነጽርን ቢያስቀርም፣ ዋጋው ከፍ ያለ ከመሆኑ በላይ ብርሃንን ስለሚከፋፍል በሌሊት በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያል፣ በደብዛዛ ብርሃንም ፊደሉን ያፈዝዛል፤ በማሕሌት ሌሊት በጧፍ ብርሃን ለሚያነብ ካህን ይህን እኔ አልመርጥለትም።

እንግዲህ አባታችን ለልኬት በሚሄዱበት ቀን ዳዊታቸውን በማኅደሩ ይዘው ይሂዱ፤ ከዓይናቸው ምን ያህል አርቀው እንደሚይዙትም ለሐኪሙ ገልጠው ያሳዩት።