ስፕራይቱ የት ጠፋ? በኤንኢኤስ ጀማሪ ኮድ ውስጥ ስህተትን መፈለጊያ መንገድ

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ብሎ ያወጣውና ኋላ አሜሪካ ውስጥ ኤንኢኤስ በሚል ስም የተሸጠው የጨዋታ ማሽን፣ ዛሬም አሴምብሊ ለሚማር ሰው የሚመረጥ መለማመጃ ነው። የፕሮሰሰሩ ሜሞሪ 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ውስጡን አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። ክፋቱ፣ ማሽኑ ሲሳሳቱ አይነግርዎትም። ኮዱ ያለ ምንም ቅሬታ ይገጣጠማል፣ ከዚያ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

አብዛኛው ጀማሪ ይሄኔ አንዱን ቁጥር ቀይሮ፣ ሌላውን መስመር ሰርዞ ዕድሉን ይሞክራል። ይህን አያድርጉ፤ አንዱ ስህተት ሳይገኝ ሁለተኛው ይጨመርበታል። የሚያዋጣው መረጃው ከኮድዎ ተነስቶ ስክሪኑ ላይ እስኪደርስ ያለፈበትን መንገድ ከስክሪኑ ጀምሮ ወደኋላ መከተልና የተቋረጠበትን ቦታ ማግኘት ነው። ለዚህ ዲበገር ያለው ኢሙሌተር ያስፈልጋል። ሜሰንም ሆነ ኤፍሲኢዩኤክስ ይበቃል።

አንድ ስፕራይት (ከጀርባው ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሥዕል) ስክሪኑ መሃል ላይ ለማሳየት ጽፈው ምንም አልታይ አለ እንበል።

በመጀመሪያ ፕሮግራሙ እየሄደ መሆኑን ያረጋግጡ። ዲበገሩን ከፍተው ያቁሙትና ፕሮሰሰሩ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ይመልከቱ። በዋናው ዙር ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። እርስዎ ምንም ኮድ ያልጻፉበት አድራሻ ላይ ካገኙት ግን መንገዱን ስቷል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በመጨረሻ ላይ ወደራሱ የሚመለስ ዙር አለመኖሩ ወይም የአንድ ንዑስ ፕሮግራም መመለሻ ትእዛዝ፣ አርቲኤስ፣ መረሳቱ ነው። ገና ከመነሻው ከሳተ ደግሞ የፕሮግራሙን የመጨረሻ 6 ባይቶች ይመልከቱ። የኤንኤምአይ (በየፍሬሙ የሚነሳው ማቋረጫ)፣ የሪሴትና የአይአርኪው አድራሻዎች በዚህ ቅደም ተከተል መቀመጥ አለባቸው።

ቀጥሎ የኢሙሌተሩን የስፕራይት መመልከቻ ይክፈቱ። ስፕራይቱ እዚያ በትክክለኛው ቦታ ከታየ ኮድዎ ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው ሥዕሉን ማብራት ነው። በሥዕል ቺፑ መቆጣጠሪያ አድራሻ በ$2001 ላይ ቢት 4 (ከቀኝ፣ ከዜሮ ተቆጥሮ) 1 መሆኑን፣ የስፕራይቱ ፓሌት ቀለሞችም ከጀርባው ቀለም የተለዩ መሆናቸውን ይዩ። መመልከቻው ውስጥ ከሌለ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይሂዱ፦ ሜሞሪው ላይ የስፕራይቶቹ መረጃ በተለምዶ ከሚቀመጥበት ከ$0200 ጀምሮ ያሉትን አራት ባይቶች ያንብቡ። እነሱም ቁመታዊ ቦታ፣ የታይል ቁጥር፣ ባሕርይ እና አግድም ቦታ ናቸው። ባይቶቹ ልክ ከሆኑ የተቋረጠው ከዚህ ሜሞሪ ወደ ስፕራይት ሜሞሪ የሚደረገው ዝውውር ነው። በየፍሬሙ $4014 ላይ 2 መጻፉን፣ ይህን የሚያደርገውን ኤንኤምአይ ለማስነሳትም የ$2000 ቢት 7 መብራቱን ያረጋግጡ።

ባይቶቹ ራሳቸው የተሳሳቱ ከሆኑ ጥፋቱ እሴቱን ያስቀመጠው ኮድ ውስጥ ነው። እዚህ ጋ አንዲት ምልክት ከሁሉ በላይ ታስቸግራለች። «ኤልዲኤ #$80» ማለት 128 የሚለውን ቁጥር ጫን ማለት ነው፤ «ኤልዲኤ $80» ግን $80 በሚባለው አድራሻ ያለውን ጫን ማለት ነው። አሴምብለሩ ሁለቱንም ያለ ጥያቄ ይቀበላል። ሜሞሪውን መነሻ ላይ በዜሮ ሞልተውት ከነበረ የሚጫነው 0 ይሆንና ስፕራይቱ መሃል መሆኑ ቀርቶ ከላይ በግራ ጥግ ይወሸቃል። ጥጉ ላይ ካገኙት መጀመሪያ # ይፈልጉ። የ$ ምልክትም እንዲሁ ነው፤ 10 አሥር ሲሆን $10 ግን አሥራ ስድስት ነው። ጥጉ ላይ ሌላ የማያውቁት ታይል ካዩ ደግሞ ያልተጠቀሙባቸው 63 ስፕራይቶች በዜሮ ቀርተዋል ማለት ነው፤ ቁመታዊ ቦታቸውን 255 በማድረግ ከስክሪኑ ያውጧቸው።

ስፕራይቱ ታይቶ በራሱ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የአግድም ቦታው ባይት በሆነው $0203 ላይ የመጻፍ ብሬክፖይንት ያኑሩ። ያ ባይት በተነካ ቁጥር ዲበገሩ የነካው ትእዛዝ ላይ ይቆማል። ጥፋተኛውን መስመር በእጅ የሚያስይዝ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ ጀማሪዎች ቶሎ ቢለምዱት እጅግ ደስ ይለኛል።

ሥዕሉ የሚንቀጠቀጥ ወይም ታይሎቹ የሚበላሹ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሰዓት ነው። ሥዕሉ በርቶ ሳለ በ$2006 እና በ$2007 በኩል የሚጻፈው በቪብላንክ ውስጥ፣ ማለትም ስክሪኑ በማይሳልባት አጭር ጊዜ ብቻ መሆን አለበት። በአሜሪካው ማሽን ይህ ወደ 2270 የፕሮሰሰር ዑደት ነው፤ ከዚያም ላይ የ$4014 ዝውውር ብቻውን 513 ወይም 514 ይወስዳል። ስለዚህ ኤንኤምአይ ውስጥ መጀመሪያ የሥዕሉን ሥራ ይጨርሱ፣ የጨዋታውን ስሌት ከኋላ ያድርጉ፤ የሥዕሉ ሥራ እንዳለቀም $2005 ላይ ሁለት ጊዜ 0 ይጻፉ። ያለዚያ ጀርባው ቦታውን ይስታል።

ስሌቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ በዓይን ማየትም ይቻላል። ስሌቱ ሲጀምር $2001 ላይ %00011111፣ ሲያልቅ %00011110 ይጻፉ። የመጨረሻው ቢት ቀለሙን ግራጫ ስለሚያደርግ ስሌቱ በሚሠራበት ጊዜ የተሳለው የስክሪኑ ክፍል ግራጫ ሆኖ ይታያል። አንድ የስክሪን መስመር ወደ 113 ዑደት ነው። ግራጫው እስከ ታች ከወረደ ስሌቱ ፍሬሙን እየጨረሰው ነው።

ሁሉም ሲስተካከል ኢሙሌተሩ ሲነሳ ሜሞሪውን በዘፈቀደ ቁጥሮች እንዲሞላ አድርገው ደጋግመው ያስነሱት፤ ሜሰን ይህ ምርጫ አለው። እውነተኛው ማሽን ሲበራ ሜሞሪው ዜሮ ስለመሆኑ ምንም ዋስትና የለም። በመነሻው ኮድ ሜሞሪውን ማጽዳትዎንና $2002ን እያነበቡ ሁለት ቪብላንክ መጠበቅዎን ይፈትሹ። አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚከሽፍ ከሆነ ዋጋ ሳይሰጡት የሚያነቡት ተለዋዋጭ አለ፤ ሜሰን ባልተሞላ ሜሞሪ ንባብ ላይ እንዲቆም ቢያዙት መስመሩን ያሳይዎታል።