ዶሮና ማንጎ በአንድ ግቢ

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ውስጥ ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ አለኝ። ዶሮዎቼን ብለቅባቸው ተክሉን ይጎዱብኛል?

መልስ፦ ማንጎው ካደገ ይልቀቋቸው። የረገፈውን ፍሬ ሲለቅሙ የፍራፍሬ ዝንብ ትሉንም አብረው ይበሉታል፤ አፈር ውስጥ የገባውንም ጭረው ያወጡታል። ጣጣው ያው መጫራቸው ነው። የፓፓያ ሥር ብዙው ላይ ላዩን ስለሚሄድ አፈሩ ሲጫር ይጋለጣል፤ ችግኝማ አይተርፋቸውም! ግንዱን ዙሪያውን ድንጋይ ይደርድሩበት፣ ችግኙን በሽቦ ይከልሉት። ትኩስ ኩስ ተክል ያቃጥላልና ከገለባ ጋር ቀላቅለው ለጥቂት ወራት ያብላሉት። እኔን የሚያሳስበኝ አቮካዶው ነው። ቅጠሉ፣ ልጣጩና ዘሩ ፐርሲን የሚባል መርዝ አለበት፤ የአእዋፍን ልብ ይጎዳል። ብዙ ዶሮ ሳይነካው ያልፋል፤ የተራበ ግን አይመርጥም። ስለዚህ ማንጎውን ይፍቀዱላቸው፣ አቮካዶውን ይከልክሏቸው፤ የማዕድ ቤት ልጣጩንም አይጣሉላቸው።