መጽሐፍን በጉባኤ ስለ ማንበብ

መጽሐፍ የሚወድ ሰው ብዙውን ጊዜ ለብቻው ያነባል፤ የገባውንም ሆነ ያልገባውን የሚነግረው ሰው ስለሌለ መጽሐፉን ከድኖ ያስቀምጠዋል። ተማሪም ቢሆን ፈተናውን ካለፈ በኋላ መጽሐፉን የሚሰናበት ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው የከተማና የገጠር ሰዎች ተሰብስበው አንድ መጽሐፍ የሚሰሙበትንና በውስጡ ባለው ሐሳብ የሚከራከሩበትን የሕዝብ ጉባኤ ነው። እንዲህ ያለው ጉባኤ በደነባም ሊቋቋም ይችላል የምንልበትን ምክንያት ከዚህ በታች እንገልጻለን።

መጽሐፍን ተሰብስቦ ማጥናት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በ4 ይከፈላል። በትምህርቱ ሰዓት አንዱ ደቀ መዝሙር ንባቡን በግዕዝ ያሰማል፤ መምህሩም ቃሉን ወደ አማርኛ መልሰው ይተረጕማሉ። አንዱን ትርጓሜ ከተናገሩ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ ደግመውም «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያመጣሉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሁለተኛው ትርጓሜ ሲመጣ የመጀመሪያው አይሰረዝም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንዲሁም ንባቡ ሳይሰማ ትርጓሜ አይጀመርም። ይህ ሥርዓት ለዓለማዊ መጽሐፍም ቢሆን እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም መጽሐፉን ሳያነቡ ስለ መጽሐፉ መከራከር በሁሉም ዘንድ የተለመደ በሽታ ነውና።

ሆኖም በጉባኤ ቤት ትርጓሜው ከአባቶች የተወረሰ ስለ ሆነ ደቀ መዝሙሩ የሚቀመጠው ለመቀበል ነው። ልብ ወለድ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ሲሆን ግን የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ መምህር የለም። ለዚህ የስዊድኖች ልማድ ይረዳናል። በእነርሱ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ኦስካር ኦልሶን የተባለ ሰው በሉንድ ከተማ፣ መጠጥን ለመከላከል ከተቋቋመ ማኅበር አባሎች ጋር አንድ የንባብ ክበብ ጀመረ። አባሎቹ መጻሕፍትን እየተቀባበሉ ያነቡና ተሰብስበው ይነጋገሩባቸው ነበር፤ መሪውም ከመካከላቸው የሚመረጥ እንጂ ፕሮፌሰር አልነበረም። በ1912 መንግሥት ለመጻሕፍት መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ዴንማርኮች ደግሞ ቀደም ብለው በ1844 ለገበሬ ልጆች ፈተና የሌለበት የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በረዲንግ ከፍተዋል።

«የእኛ ገበሬ ማንበብ ካልቻለ በምን ይከራከራል?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። መልሱ በአገራችን ተፈትኖ ታይቷል። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቈጠረውም ሰው ጕዱ ካሳን ዐወቀው፤ ስለ እርሱም ተከራከረ። መጽሐፍ ለመስማት ጆሮ ይበቃል። ደግሞም በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሰው ፊደል ቈጥሯል፤ ይሁን እንጂ የሚያነበው ያጣ ሰው ፊደሉን እየረሳው ይሄዳል። ስለዚህ ጉባኤው ለማያነብ ሰው ጆሮውን፣ ማንበብ ለጀመረም ዐይኑን የሚያሠራበት ስፍራ ይሆናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነበበውን መጽሐፍ ስናስብ ከጀማ ወንዝ ማዶ በመርሐ ቤቴ የተወለዱት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራ ይታወሰናል። «አዲስ ዓለም» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1925 ዓ.ም. ነው። ታሪኩም በፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰውን የአወቀን ሕይወት ይናገራል፤ አወቀ በተዝካርና በሠርግ ልማድ ምክንያት ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። አሁን ይህ ክፍል ጮክ ተብሎ ይነበብና አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብ፤ ይኸውም «ልጅ ለአባቱ ትልቅ ድግስ ባይደግስ የአባቱን ክብር ቀንሷልን?» የሚል ነው። ተማሪው ወዲያው ለአወቀ ይፈርዳል። ነገር ግን በሬ ሸጦ ተዝካር ያወጣ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ድግሱ የጎረቤትን ብድር መመለሻ መሆኑን፣ ያልደገሰ ሰው በችግሩ ቀን ብቻውን እንደሚቀር ቢናገሩ፣ ተማሪው መልስ ለማግኘት ወደ መጽሐፉ መመለስ ይኖርበታል። ምናልባት ሽማግሌውም ያንን በሬ ሲሸጡ ያሰቡትን ለልጆቻቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ይናገሩ ይሆናል። በእኛ አስተያየት የጉባኤው ፍሬ ይህ ነው፤ ፊደል የማያውቀው ሰው የከበደውን ማስረጃ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

በአመራሩ ረገድ የሽምግልና ልማዳችን አብዛኛውን ሥራ አቃሎልናል፤ ተናጋሪው ሳይጨርስ ሌላው አይናገርም፤ ሁሉም በተራው ይሰማል። መሪው ራሱ ንግግር አያደርግም፤ ንግግር የሚወድ መሪ ጉባኤውን በሁለት ሳምንት ይበትነዋል። አንድ ሰው «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ካለ አንባቢው ገጹን ገልጦ ያሰማል፤ «እኔ ያየሁት እንዲህ ነው» ካለ ግን የራሱ ምስክርነት ነውና ተለይቶ ይያዝለታል። አንዳንዶች ጉባኤው ከጽዋ ማኅበር ጋር ይሁን ይላሉ፤ እኛ አንስማማም፤ ጠላው ከቀረበ በኋላ መጽሐፍ የሚያዳምጥ ማን አለ? በትምህርት ቤት አንድ ክፍል፣ ከገበያ ቀን በተለየ ቀን፣ ሩቅ ያለው ሰው ሳይመሽበት ቤቱ እንዲገባ ከቀትር በኋላ በጊዜ ቢጀመር ይሻላል። ሴቶችም መምጣት የሚችሉበት ሰዓት አስቀድሞ ከራሳቸው መጠየቅ አለበት።

ለዚህ ሁሉ አንድ መጽሐፍ፣ ጥሩ ድምፅ ያለው አንድ አንባቢና አንድ ደብተር ይበቃል። በደብተሩ ላይ የሚጻፈው የተሰብሳቢው ስም ዝርዝር ሳይሆን በዚያ ቀን ስምምነት ያልተገኘበት ጥያቄ ነው፤ የሚቀጥለውም ጉባኤ ይህንኑ በማንበብ ይከፈታል።